የግድግዳዬ አንበሳ

ታኅሣሥ 3 ቀን 1932፣ መተማ

ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ ስመዝን ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። አፍንጫዬ፣ ጆሮዬ፣ ጢሜ... ሁሉም አቧራ። እንደ ሁልጊዜው።

እንደ ሁልጊዜው ያልሆነው ማታ ነው። ከሥራ ወጥቼ የገባሁት የራሴ ቤት። ከየሻረግ ጋር ከተጋባን ወዲህ የኖርነው የአሠሪዬ የሐጂ አብዱልሀኪም መጋዘን ጀርባ ነበር፤ እኛ፣ የሰሊጥ ጆንያና አይጥ። ትናንት ክዳኑ አለቀና ገባን።

ቤቱ ምን ይመስላል? ክብ ጎጆ። የማሽላ አገዳ፣ ጭቃ፣ ሣር። በመተማ ያለ ጎጆ ሁሉ ይህንኑ ይመስላል። እኔ ግን መሃሉ ላይ ቆሜ ዙሪያውን ሳየው... እንዲሁማ አይቀርም አልኩ። መንገደኛው ሁሉ "የማን ቤት ነው?" ብሎ እንዲጠይቅ። "የውባንተ ነው" እንዲባል።

ደብረ ታቦር የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ቀለም እበጠብጥ ነበር። መበጥበጥ ብቻ። ቡርሹን የያዝኩት ሰውየው ምሳ ሲበላ ነው። ለየሻረግ ግን "ሥዕል ተምሬአለሁ" ብያታለሁ። ቀለም ሳይበጠበጥ ሥዕል አለ እንዴ? የለም። እንግዲያው ተምሬአለሁ።

ታኅሣሥ 8

ውስጡን በዋልካ መረግሁት። ጥቁር ግድግዳ፣ በላዩ ነጭ ሐረግ... እንደ ብራና ዳር። የሻረግ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል አለች። እሷ የሸሕዲ ልጅ ናት፤ ቆላ ተወልዳ ቆላ ያደገች። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ። ሐሳቡ ስላልገባሽ ነው አልኳት።

ታኅሣሥ 11

ተሰነጠቀ።

ታኅሣሥ 12

ያልተሰነጠቀውን ቦታ መጻፍ ይቀላል፤ ከበሩ በስተግራ፣ መዳፍ የምታህል። በሌላው ስንጥቅ ጉንዳን ይገባል፣ ይወጣል። ጠዋት አንዲት እንሽላሊት አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝ። ያዘነችልኝ መሰለኝ።

የሻረግ ቀድማኝ መፋቅ ጀመረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፋቅነው። ከኮረብታው ሥር ቀይ አፈር አመጣሁ፣ እበትና ድቅቅ ሣር ጨመረችበት፣ ሁለታችንም በእግራችን ረገጥነው። እየረገጥን ሳለ በድንገት ሳቀች። አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት። እኔም ተከተልኳት። ጭቃው ውስጥ ቆመን፣ እስከ ጉልበታችን...

ዋልካው መሰንጠቁ ደግ ነው እንዳልል፣ ወገቤ አለ።

ታኅሣሥ 20

ሐጂ ስኳር ቤታቸው እንዳደርስ ላኩኝ። እስከ ዛሬ ከግቢያቸው አልፌ አላውቅም። ባለቤታቸው እመት ሰይዳ የገዳሪፍ ሰው ናቸው፤ እዚያ ጥግ አስቀምጠው አሉኝ። ገባሁ... ማስቀመጡን ረሳሁት።

ግድግዳው ሙሉ ሳህን። የሚበላበት ሳህን፣ ግድግዳ ላይ። ሰማያዊ ዓሣ ያለበት፣ ቀይ አበባ ያለበት፣ ጠርዙ ወርቅ የመሰለ። መሬቱ ላይ ቀይና ጥቁር የዘንባባ ምንጣፍ። አንገረቡ፣ ያ በገመድ የሚጠላለፈው የሱዳን አልጋ፣ እግሮቹ ተቀብተዋል። የአልጋ እግር መቀባት... ማን ያስባል?

"ልጄ፣ ትከሻህ አልደከመም?" አሉኝ። ጆንያው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ለምን ሳህን እንደሰቀሉ ጠየቅኋቸው። ተድረው ሲመጡ ልጅ ነበሩ፣ እዚህ ማንንም አያውቁም። "ባዶ ግድግዳ ፊት ስቀመጥ አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል። እናቴ የሰጠችኝን ሳህን ሰቀልኩ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ተወኝ" አሉ።

ቤቴ ገብቼ ግድግዳዬን አየሁት። አልቅስ አላለኝም። "ምን ትጠብቃለህ?" ነው ያለኝ። ሳህን ግን የለንም። ያለችን አንዲት ገበታ ናት፤ እሷ ከተሰቀለች በምን እንበላለን?

ጥር 1

ለሐጂ ጉዳይ ወንዙን ተሻግሬ ሱዳን፣ ገላባት ሄድኩ። የአንድ ነጋዴ ቤት አየሁ። በኖራ የነጣ፣ የበሩ ዙሪያ ሰማያዊ። ሌላ ምንም የለውም። ዓይኔን ግን መንቀል አቃተኝ። ዘበኛው ሌባ መስዬው ዱላውን አነሣ።

ማታ ለየሻረግ ስለ ሰማያዊ በር ብዙ አወራኋት። አዳምጣ አዳምጣ፣ "በር አለን እንዴ?" አለች። እውነቷን ነው። ያለን የሸምበቆ ሰሌን ነው፤ ንፋስ ሲመጣ እንይዘዋለን።

ጥር 4

አንበሳ።

ሰሊጥ ሳበጥር መጣልኝ። ዘውድ የደፋ አንበሳ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ የገባ ሁሉ ዓይን ለዓይን እንዲጋጠም። ጣሊያን ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለው ሥዕል ከየአደባባዩ ተፍቋል። አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው ደስ ያለኝ። ሌላው ቋራ በረሃ ወርዶ ጠመንጃ ይዟል። እኔ ሚዛን ይዣለሁ። እስቲ አንበሳ እንኳ ይኑረኝ። የሚያየው የሚወደኝ ሰው ብቻ ነው።

(መንገደኛው ሁሉ ይጠይቅ ብዬ አልነበር? እንግዲህ አንዱን መምረጥ ነው።)

ጥር 7

ጥቁሩ ከድስት ቂጥ ጥላሸት፣ ቀዩ ቀይ አፈር፣ ነጩ ኖራ። ቢጫ የለም። ማጣበቂያው አስኳል ነው፣ መምህሬ ያደርጉት እንደነበረው። ዶሮዋ የታቀፈችውን እንቁላል ወሰድኩ። የሻረግ ከገበያ ስትመለስ ዶሮዋ ባዶ ሣር ታቅፋ ተቀምጣለች።

አካሉ ደህና ነው። አራተኛው እግር የት ይግባ? ጋማው ቀለሙ ወረደና ጢም ሆነ። ዘውዱን ሁለቴ ሣልኩት፤ ሁለቴም ቀንድ የመሰለ ነገር ሆነ። በሕይወቴ አንበሳ አይቼ አላውቅም። ሲያገሳ ሰምቻለሁ። በድምፅ ግን አይሣልም።

ጥር 13

ከጥምቀት መልስ ጎረቤቱን ጠላ ጠራን። ሐጂና እመት ሰይዳም ለአክብሮት ብቅ አሉ፤ ተምር ይዘው። አንዱ ፍየሉ ወፍሯል አለ። አንዷ ቀጭኔ ሱዳን አገር አይታ ታውቃለች፣ ይኸው ነው አለች። ሐጂን አሻግሬ አየሁ። ከዚህ ሰው አፍ፣ ያን የመሰለ ክፍል ውስጥ ከሚኖር ሰው አፍ፣ አንዲት ቃል ብትወጣ...

"ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል" አሉ።

እመት ሰይዳ ጠጋ ብለው ብዙ አዩት። ፊቱ ደግ ነው አሉ። ደግ! የሚያስፈራ እንዲሆን ነበር የለፋሁት።

የካቲት 5

ከጦር ሰፈሩ ጠመንጃ ጠፋ ተብሎ ቤት ለቤት ፍተሻ ነበር። የጦር ሰፈሩ አለቃ፣ መሬሻሎው፣ ራሱ መጣ፤ ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ጣሊያን። ከኋላው ሁለት አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ ደግሞም አስተርጓሚው ያረጋል። ያረጋል የጎንደር ልጅ ነው። ገበያ ላይ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ አያልፍም።

አስካሪዎቹ ጎተራውን በዘንግ ይወጋሉ። መሬሻሎው መሃል ቤት ቆሞ ግድግዳውን ያያል። አምና አንድ የሸሕዲ ሰው የንጉሡን ፎቶግራፍ ሣጥኑ ውስጥ ይዞ ተገኘ፤ ወዴት እንደወሰዱት እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ጠየቀ። ያረጋል ተረጎመ፤ "ይህ ምንድን ነው?"

ምን ማለት ነበረብኝ? ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። አፌ አልከፈት አለኝ። ፈርቼ ነው? አዎ፣ ፈርቻለሁ። ግን ሌላም ነገር ነበር... እግዚአብሔር ይየው፣ ምን እንደሆነ አይታየውም እንዴ የሚል ቅያሜ። ሊሰቅሉኝ ነው፣ እኔ ተቀይሜአለሁ።

"ውሻ ነው" አለች የሻረግ። "ውሻ ነው በላቸው። ባለቤቴ ሥዕል አይችልም።"

መሬሻሎው በጣቱ ዘውዱን አመለከተ።

"ጆሮው ነው" አለች።

ያረጋል ወደ ሥዕሉ ዞረ። የጎንደር ልጅ ዘውድ የደፋ አንበሳ አያጣውም። እኔን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ አንዲት አጭር ቃል ተናገረ።

መሬሻሎው ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስካሪዎቹም ሳቁ። እኔም... ሳቅሁ።

ሲወጡ ያረጋል ወደኋላ ቀረት ብሎ፣ "አጥፋው። ሁለተኛ አልችልም" አለኝ።

የሻረግ ጉልበቷን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እውነት ውሻ ይመስላል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ይህን ጠየቅኋት። ዛሬ።

የካቲት 8

ከጦር ሰፈሩ ጥሪ መጣ። የሻረግ ነጠላዬን ስታቀብለኝ እጄን አልለቅ አለች።

ነገሩ ሌላ ሆነ። መሬሻሎው ውሻ አለው፤ ነጭ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ። በሚበሉበት ክፍል ግድግዳ ላይ እንድሥለው ይፈልጋል። ልክ እንደዚያኛው ይሁን ብሏል አለኝ ያረጋል፤ እየበሉ ሊስቁበት ነው። እምቢ ይባላል? የሚል ካለ እኔ አይደለሁም።

የካቲት 11

ውሻውን ፊቴ አስረውልኝ ሠራሁ። ቀለሙ በቆርቆሮ የተሰጠኝ ነው፤ ለካሚዮን የሚቀቡት አረንጓዴ ሳይቀር። መጀመሪያ እንደለመድኩት ሳላየው ከሐሳቤ ጀመርኩ። ከዚያ ውሻው ተንጠራርቶ ተኛ። አየሁት። የኋላ እግሩ የት እንደሚታጠፍ አየሁ። የጎድኑ ጥላ፣ የተቀደደው ጆሮው ዝንብ ሲያርፍበት እንዴት እንደሚነቃነቅ... እጄ ዝም ብሎ ተከተለ።

ሲያልቅ መሬሻሎው መጣ። ሊስቅ ነበር የጠራኝ። አልሳቀም። ሥዕሉን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ውሻውን ራሱን ዳሰሰውና ወጣ። ከቀለሙ የተረፈውን ቆርቆሮ ያረጋል ሰጠኝ።

በሕይወቴ የተሳካልኝ አንድ ሥዕል የጣሊያን ውሻ ነው። ይህን ለማን ይነግሩታል?

የካቲት 12

ለማንም መንገር አላስፈለገም። ገበያው ሁሉ ሰምቷል። "የውሻው ሰዓሊ" ይሉኛል። አንዱ ባንዳ አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን እንድሰማው አድርጎ።

ሐጂን አቀርቅሬ አገኘኋቸው። አንተ ለመኖር ውሻ ሣልክላቸው፣ እኔ ለመኖር ስኳር እሸጥላቸዋለሁ፤ አምላክ ሁለታችንንም ይየን አሉና ሚዛኑን ገፉልኝ።

ማታ አንበሳዬን በእበት መረግሁት። ከፍርሃት ነው ብል ውሸት ነው፣ ፍርሃት አይደለም ብልም ውሸት። እግሮቹን አሁን አየኋቸው። በእነዚያ እግሮች የቆመ አውሬ ወንዝ አይሻገርም።

ሰኔ 6

ጣሊያንና እንግሊዝ ጦርነት ገጠሙ አሉ። እንግሊዝ ማለት ማዶ ነው፤ ገላባት። የሻረግ ሸሕዲ እናቷ ዘንድ እንሂድ አለች። እስቲ እንይ አልኳት።

ሰኔ 28

ትናንት መድፍ። ጣሊያኖቹ ተሻግረው ገላባትን ያዙ። ሰማያዊውን በር አሰብኩት። ሰው ሲሞት በር የሚያስብ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ነሐሴ 14

ሰሊጡ አበበ። ከየማሳው ጥግ አንድ አንድ ነቅዬ አመጣሁ። እስከ ዛሬ መዝኜዋለሁ፣ አበጥሬዋለሁ፣ አሽትቼዋለሁ፤ አበባውን አይቼው አላውቅም። ደወል ይመስላል፣ ነጭ ሆኖ ውስጡ ወደ ሐምራዊ ይስባል፣ አንገቱን ደፍቶ። ባዶውን ግድግዳ ከዚያ ጀምሬ ሐረግ አደርግበታለሁ። ቅጠሉ የካሚዮን አረንጓዴ። ካሚዮኑ ራሱ ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

ጥቅምት 19 ቀን 1933

የሻረግ ዱቄቱን በአቁማዳ አድርጋ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። ዛሬ እንሂድ አለች። ሐረጉ ዞሮ ሊገጥም ትንሽ ቀርቶታል አልኳት። "ውባንተ፣ በግድግዳው ልትከልለኝ ነው?" አለችኝ። ቀለሜን በጠበጥኩ።

ጥቅምት 30፣ ጫካ

ከትናንት በስቲያ ማለዳ አውሮፕላን መጣ። መጀመሪያ ማዶ፣ ቀጥሎ በላያችን። መሬቱ እንደ ወንፊት ተንቀጠቀጠ። የሣሩ ክዳን ላይ እሳት... የሻረግን እጅ ያዝኩ፣ በሌላ እጄ በሩ አጠገብ ያለውን አንሥቼ ሮጥኩ። ወደ ገንዳ ውሃ መንገድ፣ ከመንገዱ ወደ ቁጥቋጦው። ሰው ሁሉ ይሮጣል። ቆመን ስናይ የያዝኩት የቀለም ቆርቆሮ ነው። ዱቄቱ ቀርቷል።

ትስቃለች ብዬ ነበር። አለቀሰች። "እየነገርኩህ" አለች። ከብብቴ በማይለየው በዚህ ደብተር ላይ በራሴ የቀለድኩት ሁሉ ዛሬ ጣዕም የለውም።

ማታ ላይ ሐጂንና እመት ሰይዳን አንድ ዛፍ ሥር አገኘናቸው። ተምራቸውን አካፈሉን። እመት ሰይዳ ንዳድ ይዟቸዋል።

ኅዳር 5

ትኩሳታቸው አልበርድ አለ። ሐጂ በመዳፋቸው ውሃ ያጠጧቸዋል። "ሳህኖቼ" አሉ እመት ሰይዳ፤ አንዱም አልተነሣም። ዓይናቸውን ከፍተው ሰማዩን ያያሉ፣ እንደገና ይጨፍናሉ። "ባዶ ነው" አሉ።

ምን እንዳደረገኝ አላውቅም። ውሃ የሚጠጡበትን ቅል ተቀበልኩ። ቆርቆሮው ሥር የቀረውን አረንጓዴ በምራቅ ፈታሁ። ለአበባው ነጭ አልነበረኝም፤ ቅሉን ራሱን ተውኩት። በጣቴ ነው የሠራሁት፣ ቡርሽ የለም። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ሰጠኋቸው።

ጠጋ አድርገው አዩት። "ሲምሲም" አሉ። በእነሱ ቋንቋ ሰሊጥ ማለት ነው። "ነሐሴ ላይ ያለው።"

ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ ብዬ ዓይኔን ጠርጌ ተመለስኩ።

ኅዳር 8

እመት ሰይዳ ዐረፉ። ሐጂና ሌሎች እስላሞች ቀበሯቸው። እኔ ድንጋይ ተሸከምኩ።

የካቲት 3፣ መተማ

ጣሊያን ለቅቆ ሄደ፤ ተመለስን። ሐጂ ገንዳ ውሃ ዘመዶቻቸው ዘንድ ቀሩ። ቤታችን? ክብ አመድ። ሐረጉ ገጥሞ ይሁን አይሁን የሚያውቀው እሳቱ ብቻ ነው። ያረጋል ከጣሊያኖቹ ጋር ሄደ ይላሉ፣ ከድቶ ቋራ ገባ ይላሉ። የገባ እንደሆነ ደስ ይለኛል። የሄደም እንደሆነ... ነፍሴን ያተረፈ ሰው ነው።

የካቲት 24

አዲስ ጎጆ አቆምን፣ ከአሮጌው ራቅ ብሎ፣ መንገዱ ዳር። በቀይ አፈር መረግነው። ሲደርቅ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሰውነቴ ራሱ የተገረመበት ነገር አደረግሁ፤ የሻረግን፣ "ግድግዳው ላይ ምን ይሁንልሽ?" ብዬ ጠየቅኋት።

ጭቃውን ከእጇ ጠራረገች።

"ቀዳዳ" አለች። "የማይበት። መንገዱን የማይበት። ከውስጥ ስሆን ጨለማ ነው፣ ማን እንደመጣ የማውቀው በድምፅ ነው። አንተ ስትወጣ እስክትመለስ ግድግዳ ሳይ ነበር የምውለው።"

ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም አልኳት።

"ስትሥልበት ነበራ" አለች።

የካቲት 27

መስኮት ቀደድኩ። ጠመመ። አስተካክላለሁ ስል ሰፋ። የሻረግ በቃ፣ ተው፣ ቤቱን ትጨርሰዋለህ አለች።

መጋቢት 16

ግድግዳችን ላይ እስካሁን ምንም የለም። አልቸኮልኩም። የሻረግ ማሽላዋን እየለቀመች፣ ከስደት የሚመለሰውን ሰው በመስኮቱ እያየች ትነግረኛለች። እገሌ መጣ፣ የእገሌ ግመል ነው፣ ይህን አላውቀውም...

ከሰዓት በኋላ ማሽላውን ትታ ብድግ አለች። ጠጋ ብዬ አየሁ። ሐጂ አብዱልሀኪም ናቸው፣ ብቻቸውን፣ በትር ይዘው፣ የተቃጠለ ቤታቸው ያለበትን መንገድ አልፈው ቆመዋል። ወዴት እንደሚሄዱ የጠፋቸው ይመስላሉ። በመስኮቱ ተጣራች። ድምፁ ከየት እንደመጣ ዙሪያውን ፈለጉ፣ ከዚያ አዩን።

ገቡ። መደቡ ላይ አስቀመጥናቸው። የምናቀርበው ውሃና ንፍሮ ነው። ባዶውን ግድግዳ አዩ፣ መስኮቱን አዩ። እሱ ላይ ቆዩ።

"ቤታችሁ ያምራል" አሉ።

ይህን ቃል ከእኚህ ሰው አፍ እሰማ ብዬ ስንት እንቁላል ጨረስኩ። ዛሬ መጣ። የማደርገው ጠፋኝ፤ ጽዋቸው ሙሉ ሳለ ውሃ ጨመርኩላቸው፣ ፈሰሰ። የሻረግ ከመስኮቱ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠቻቸው። ጀምበር እስክትጠልቅ ሦስታችንም መንገዱን ስናይ ቆየን።